ፍሬን ስትይዢ መሪው ለምን ይርገፈገፋል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ማርሹ አውቶማቲክ የሆነ ቪትዝ አለኝ። በየሳምንቱ በፍጥነት መንገዱ አዳማ እመላለሳለሁ። ከ90 በላይ ሆኜ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከ60 በታች ስወርድ ይጠፋል። ፍሬን ካልነካሁ ምንም የለም። ጎሚስታ ጋ ባላንስ አሠራሁ፤ ለውጥ የለውም። ጋራዥ የፍሬን ሸራ ቀየሩልኝ፤ ለአንድ ሳምንት ተሻለውና ተመለሰ። አሁን ደግሞ ዲስኩ ተጣሟል፣ ሁለቱንም ግዢ ተባልኩ። ቅዳሜ እናቴን ለማምጣት አዳማ እሄዳለሁ። ዲስኩን ልግዛ?»

እህቴ፣ ገና አትግዢ። ዲስክ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ፍሬን ስትይዢ ሸራዎቹ ከሁለት በኩል የሚጨብጡት ክብ ብረት ነው። ዲስኩ ላይ ችግር መኖሩ እውነት ሊሆን ይችላል። የነገርሽኝ ምልክት ሁሉ ወደዚያው ነው የሚወስደው። ግን ዲስኩን ያበላሸው ነገር ሳይታወቅ አዲስ ከተገጠመ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይኸው መንቀጥቀጥ ይመለሳል። ያኔ ገንዘብሽም ጊዜሽም ሁለተኛ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሲደርስበት አይቻለሁ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጊልኝ። የአራቱንም ጎማ ዳዶዎች እዪ። በቅርቡ ባላንስ አሠርተሻል፣ ሸራም አስቀይረሻል። ስለዚህ ጎማዎቹ ተፈተው ታስረዋል ማለት ነው። የላላ ዳዶም መሪን ያንቀጠቅጣል፤ እሱ ግን ጎማ እስከ መውለቅ የሚያደርስ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣውን መፍቻ ይዘሽ አንድ በአንድ ፈትኚያቸው። የላላ ካገኘሽ መስቀለኛ እየሄድሽ አጥብቂ። አንዱን ካጠበቅሽ በኋላ ጎረቤቱን ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለውን ማለቴ ነው። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተሽ ድገሚው።

አሁን ወደ ምልክቱ። አንቺ ሳታስቢው ግማሹን ምርመራ ሠርተሽዋል። ፍሬን ሳትነኪ በ90 እና በ100 ስትሄጂ መኪናው ሰላም ከሆነ፣ ባላንስ ዋናው ችግር አይደለም። የባላንስ ጉድለት ፍሬን አይጠብቅም፤ ፍጥነቱ ላይ ስትደርሺ በራሱ ይጀምራል። መንቀጥቀጡ እጅሽ ላይ ከተሰማ ደግሞ ምንጩ የፊት እግር ነው፤ መሪው የተያያዘው ከፊት ጎማዎች ጋር ነውና። ከኋላ ቢሆን ወንበሩ ላይ ወይም ፔዳሉ ላይ ይሰማሽ ነበር። ቪትዝ በአብዛኛው ከኋላ ታምቡር ነው ያለው፤ ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ መሰል ፍሬን። ታምቡር ክብነቱን ሲያጣ መቀመጫሽ ሥር ነው የሚመታው።

በድንገት አጥብቀሽ ስትይዢ ፔዳሉ እግርሽ ሥር ትር ትር ካለ ግን አትደንግጪ። እሱ ኤቢኤስ ነው፣ ጎማው እንዳይቆለፍ እየሠራ ነው። ያንቺው በቀስታ ስትይዢም የሚመጣ ስለሆነ ከዚያ የተለየ ነው።

እንግዲህ ዲስኩ ጋ ደረስን። «ተጣሟል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ሰው ሲሰማው እንደ ምጣድ የጎበጠ ብረት በዓይነ ሕሊናው ይመጣበታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዲስኩ በዓይን ሲታይ ቀጥ ያለ ነው። ችግሩ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል አለመሆኑ ነው። አንዱ ጋ ሳሳ ይላል፣ ሌላው ጋ ወፈር ይላል። ልዩነቱ 0.02 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መሪ ላይ ሊሰማ ይችላል። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 0.07 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የፀጉር ሲሶ የማይሞላ ልዩነት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዲስኩን በዓይኑ አይቶ «ጥሩ ነው» ወይም «ተጣሟል» የሚልሽን ባለሙያ በምን እንደለካው ጠይቂው።

ለምን ከ90 በላይ ብቻ? ጎማሽ 165 በ70፣ ቸርኬው 14 ከሆነ፣ አንድ ዙር ሲዞር 1.84 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ100 ስትነጂ በሰከንድ 15 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ወፍራሙ ቦታ በሸራዎቹ መሀል ባለፈ ቁጥር ፍሬኑ ጠበቅ፣ ከዚያ ላላ ይላል። በሰከንድ 15 ምት ሆነ። የፊት እግሩና መሪው ደግሞ የራሳቸው የመወዛወዝ ልክ አላቸው። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ አስቢ። በትክክለኛው ሰዓት በትንሹ ብትገፊው እየጨመረ ይሄዳል፤ ሰዓቱን ስትስቺ ይበርዳል። ምቱ ከፊት እግሩ ልክ ጋር ሲገጥም መሪው ይርገፈገፋል። በ60 በሰከንድ 9 ገደማ ስለሚሆን ይጠፋል። የጠፋው ስሜቱ እንጂ ጉዳቱ አይደለም፤ ዲስኩ በ60ም ያው ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ውፍረቱን ምን አዛባው? እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ገንዘብሽን የሚያድነው ይህ ክፍል ነውና።

ዲስኩ የሚቀመጠው ሞዞ ላይ ነው፤ ጎማው የሚታሰርበት ያ ክብ ብረት። ሞዞው ፊት ላይ ትንሽ ዝገት ወይም የደረቀ ጭቃ ካለ ዲስኩ ዘመም ብሎ ይቀመጣል። ዳዶ ሲጠብቅ ያንኑ መዝመም ይዞ ይታሰራል። መኪናው ሲሄድ ዲስኩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጣም በትንሹ ይወላገዳል። ለብዙ መኪና የሚፈቀደው ልክ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ ፍሬን ሳትይዢ እንኳ፣ ወጣ ያለው ክፍል በየዙሩ ሸራውን ጫር እያደረገ ያልፋል። ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ባለው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎማሽ ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል። 40 ሺህ ጊዜ መጫር ነው፣ ያውም በአንድ ጉዞ። ቀስ በቀስ ያ ቦታ ይሳሳል።

ልብ በይ፣ ዲስኩ በተገጠመ ቀን ምንም አይሰማሽም። ውፍረቱ ገና እኩል ነውና። ምልክቱ የሚመጣው ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማንም ሰው የዛሬ ስድስት ወር ሞዞው ሳይጸዳ መታሰሩን አያስታውስም። «ዲስኩ ፎርጂድ ነበር» ይባላል፣ ሌላ ይገዛል፣ እዚያው ያልጸዳ ሞዞ ላይ ይታሰራል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ሥራ ነው። አንድ ደንበኛዬ ከሰበታ እየመጣ ያሠራ ነበር። ዲስክ ገጠምኩለት። ከአምስት ወር በኋላ በዚያው ችግር ተመለሰ። መለዋወጫውን ጠርጥሬ ሌላ አስገዛሁት። አሁንም ተመለሰ። በሦስተኛው ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ ለካሁት። በአንድ በኩል የጥፍር ጫፍ የምታክል የዝገት ቅርፊት ተጣብቃ ነበር። እሷን አንስቼ፣ ዲስኩን ቶርኖ (ብረት የሚላጭ ማሽን) አስገብቼ ገጠምኩለት። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልመጣም። ሁለተኛውን ዲስክ ያስገዛሁት ያለ አግባብ ነበር፤ የከፈለውንም መልሼለታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞዞ ሳላጸዳ ዲስክ አልገጥምም።

ሁለተኛው ምክንያት የዳዶ አጠባበቅ ነው። በከተማው ዳር ባሉ ጎሚስታዎች ዘንድ ዳዶ በኮምፕሬሰር መሣሪያ ነው የሚታሰረው። ሥራው ይፈጥናል፣ በዚህ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን አንዱ ዳዶ ከልኩ እጥፍ ይጠብቃል፣ ሌላው በግማሽ ይቀራል። ዲስኩ በሞዞውና በቸርኬው መሀል የተያዘ ስለሆነ አለእኩል ሲጨመቅ ይዛባል። የቪትዝ ዳዶ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል ክብደት እንደማሳረፍ ነው። ሰውነትሽን ጥለሽ የምትቆሚበት አይደለም። ጎሚስታውን «መጨረሻውን በእጅ፣ በመስቀል እሰርልኝ» በዪው። ልኩን የሚያሳይ ቁልፍ ካለው ደግሞ በጣም ጥሩ።

ሦስተኛው የካሊፐሩ ፒን ነው። ካሊፐር ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ክፍል ነው፤ በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት። ያልተነጠፈ የኮንዶሚኒየም ውስጥ መንገድ አቧራውን ታውቂዋለሽ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው አለ። የፒኑ የጎማ ሽፋን ከተቀደደ ያ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ግራሶው ይደርቃል፣ ፒኑ ይነክሳል። ፍሬኑን ብትለቂም ሸራው ዲስኩን አይለቅም። ዲስኩ እየተፋተገ ይግላል፣ ያለእኩል ይበላል። ምልክቱ ቀላል ነው። በአንድ እግር ላይ ካሉት ሁለት ሸራዎች አንዱ ከሌላው ይልቅ በጣም ያልቃል። የተነሡልሽን አሮጌ ሸራዎች ካልጣሏቸው ጠይቂና አነጻጽሪያቸው። ሌላም መንገድ አለ። ፍሬን ብዙ ሳትይዢ ጥቂት ነድተሽ ቁሚና እጅሽን ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች አስጠጊ፤ ብረቱን አትንኪ። አንዱ ከሌላው ይልቅ በጣም ከጋለ ያ እግር እየያዘ ነው።

አራተኛው የነዳጅሽን ያህል ልታስቢበት የሚገባ ነገር ነው፤ ሙቀት። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ከ100 ተነሥቶ ሲቆም፣ ያ ሁሉ ጉልበት ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሙሉ ጀበና በአንድ አፍታ ሲፈላ አስቢው፤ አብዛኛው ደግሞ በሁለቱ የፊት ዲስኮች ላይ። ከ50 ብትቆሚ ሩቡ ብቻ ነው፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አዳማ 1,700 ገደማ ስለሆነች ወደዚያ ስትሄጂ በጠቅላላው ቁልቁል ነሽ። ከዚያ የክፍያው በር ይመጣል። ከ100 አጥብቀሽ ይዘሽ ቆምሽ፣ ወረፋ አለ፣ እግርሽ ፔዳሉ ላይ ነው። የጋለ ሸራ በጋለ ዲስክ ላይ አንድ ቦታ ተጭኖ ይቆያል። የሸራው ቁስ እዚያ ቦታ ላይ ተለጥፎ እንደ ማኅተም ይቀራል። ያ ቦታ ከሌላው ይወፍራል፣ ከዚያ ወዲያ በሙቀት ይጠነክርና በቀላሉ አይለቅም።

ስለዚህ የክፍያው በር ከሩቅ ሲታይሽ ነዳጁን ቀድመሽ ልቀቂ፤ በሞተር ትብረድ። ወረፋ ላይ ከቆምሽ ማርሹን ኖርማል (N) አድርጊና እጅ ፍሬን ሳቢ። የቪትዝ እጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ስለሆነ የፊቱ ዲስክ ነፃ ይሆናል። አዳማ እንደደረስሽም በቀጥታ ላቫጆ አትግቢ። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲለቀቅ ብረቱ በድንገት ይኮማተራል፤ ያኔ በእርግጥም ሊጣመም ይችላል። ቡና ጠጪና ግማሽ ሰዓት አሳልፊ።

አሁን ጋራዥ ስትሄጂ ምን እንደምታሠሪ። «ዲስክ ቀይሩልኝ» አትበይ። «የፊት እግሮቹን አንሥታችሁ ለኩልኝ» በዪ።

መጀመሪያ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ማቆሚያ ገብቶለት፣ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ተይዘው፣ ማርሹ ኖርማል ላይ ሆኖ የፊት ጎማው በእጅ ይዙር። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ጭርር ብሎ የሚጠፋ ድምፅ ካለ ዲስኩ ይወላገዳል። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች፣ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ ነው። ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው፣ ቦል ጆይንቱ ወይም የመሪው ዘንግ ጫፍ ላልቷል። የእነሱና የብራቾው (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ ማርጀት ብዙውን ጊዜ መንቀጥቀጥን አይፈጥርም፤ ያለውን ትንሽ መንቀጥቀጥ ግን ያጎላል። ኮብልስቶን ላይ በየቀኑ የሚሄድ መኪና ደግሞ ጎሚኒ ቶሎ ይጨርሳል። ያረጀ ካለ መቀየር አለበት፣ እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም።

ከዚያ ጎማው ይወልቅ፣ ዲስኩ ግን በዳዶ እንደታሰረ ይቆይ። መቆሚያ ያለውና ሰዓት የመሰለ መለኪያ ፊቱ ላይ ተደግፎ ዲስኩ ቀስ ብሎ ይዙር። መርፌው ከ0.05 በላይ ከሄደ ልኩን አልፏል። ቀጥሎ በማይክሮሜትር ውፍረቱ ይለካ፣ ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን ስምንት ቦታ። በወፍራሙና በሳሳው መካከል ያለውን ልዩነት በወረቀት ይጻፉልሽ። ይህ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ ካጋጠመሽ ቃሊቲና ገላን አካባቢ ያሉ ቶርኖ ቤቶችን ጠይቂ፤ መለካት የእነሱ ሥራ ነው።

ልኬቱ ከተወሰደ በኋላ ዲስኩ ይውለቅ፤ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ግን በጠመኔ ምልክት ይደረግበት። ሞዞው ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ፤ የዲስኩም ጀርባ እንዲሁ። ፒኖቹ ወጥተው ይታጠቡ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ይቀቡ። ተራ ግራሶ የፒኑን የጎማ ሽፋን ስለሚያሳብጥ አይሁን። ዲስኩ ተመልሶ ታስሮ ይለካ። አሁንም ከወላገደ አውልቀው አንድ ብሎን ያህል አዙረው ይሞክሩት። የሞዞውና የዲስኩ ትንንሽ ጉድለቶች አንዳንዴ ይደማመራሉ፣ አንዳንዴ ይጣፋሉ። አራት ብሎን ስላለ አራት ዕድል አለሽ። ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ያስደንቃል።

ቶርኖ ወይስ አዲስ? ዲስኩ ላይ የትንሹ ውፍረት ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል፣ በጠርዙ ወይም በመሀሉ ላይ። ተላጭቶ ከዚያ ቁጥር በላይ ከቀረ ቶርኖ ይበቃሻል። ከዚያ በታች ከሚወርድ አዲስ ግዢ፤ ሳሳ ያለ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። በፍሬን ላይ መቆጠብ አይገባም። ከገዛሽ ሁለቱንም እግር በአንድ ጊዜ ይሁን። ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ ስፋቱንና የቀዳዳውን ልክ አጋጥሚ። ያገለገለ ዲስክ እንዳትወስጂ፤ የሌላ ሰው ችግር ነው የምትገዢው። አዲሱ ላይ ዝገት መከላከያ ዘይት ስላለ ሳይገጠም በሳሙና በደንብ ይታጠብና ይድረቅ።

ሸራ ሲቀየር ለአንድ ሳምንት ተሽሎሽ የነበረው ለምን እንደሆነም ከዚህ ትረጂዋለሽ። አዲሱ ሸራ ገና ከዲስኩ ጋር አልተላመደም ነበር። ሲላመድ ያው ወፍራም ቦታ ተገለጠ። ስለዚህ ዲስኩ ከተላጨ በኋላ ያሉትን ሸራዎች በጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ፊታቸውን አስተካክሎ መመለስ ይቻላል። አዲስ ናቸውና አይጣሉ።

ሥራው አልቆ ስትወጪ ማላመድ ያስፈልጋል። ጸጥ ያለ መንገድ ፈልጊ፣ ከኋላሽ መኪና አለመኖሩን እዪ። ከ60 ጀምረሽ በመጠኑ እየያዝሽ እስከ 20 አውርጂ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሚ ልቀቂና እንደገና ፍጥነት ጨምሪ። በየመሀሉ ትንሽ እየነዳሽ ይብረድ። እንዲህ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ። በመጨረሻ ፍሬን ሳትነኪ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሂጂ። ለመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትር ከ100 አጥብቆ መያዝ ይቅር።

ወደ ቅዳሜ እንመለስ። ዳዶዎቹ ጥብቅ ከሆኑ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ካልጎተተ፣ ፔዳሉ ካልላላ፣ ብረት በብረት የሚፋጭ ድምፅና የሚቃጠል ሽታ ከሌለ፣ በዝግታ እናትሽን አምጥተሽ መመለስ ትችያለሽ። በቀኙ ረድፍ 80 አካባቢ ሂጂ፣ ከፊትሽ ካለው መኪና ሰፊ ርቀት ያዢ፣ ቀድመሽ በቀስታ ፍሬን ያዢ። ከእነዚያ ምልክቶች አንዱ ካለ ግን በሚኒባስ ሂጂና መኪናው ጋራዥ ይዋል። ሲለኩልሽ የተጻፉትን ቁጥሮችና ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ላኪልኝ፤ ቶርኖ ይበቃል ወይስ አዲስ ያስፈልጋል የሚለውን ያኔ አይቼ እነግርሻለሁ።